ጸሐፊው ያልታወቀ የኢንተርኔት ጽሑፍ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የባልትና ውጤቶችን እያዘጋጀሁ እሸጣለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት ባለቤቱ ማን እንደሆነ በማይታወቅ የቴሌግራም ቻናል ላይ ‹በርበሬውን ከሸክላ ዱቄት ጋር ቀላቅላ ትሸጣለች› የሚል ጽሑፍ ከሱቄ ፎቶ ጋር ወጣ። ከሥሩም አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ‹እዚያ ሠርቻለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ› ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቋሚ ደንበኞቼ ውላቸውን አቋረጡ። የጻፈችው ባለፈው ዓመት ከሥራ የለቀቀች ሠራተኛዬ ትመስለኛለች። ስክሪንሹት ይዣለሁ፤ ይህ በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆንልኛል? ያ አስተያየትስ በእኔ ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል? ኮምፒዩተር የሚያውቅ የእህቴ ልጅ አካውንቱን ሰብሬ ገብቼ ማንነቱን አወጣልሻለሁ እያለ ነው፤ ይሞክር?»

ምላሽ፦ የመጨረሻው ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፤ ሳይዘገይም ሊደርስዎ ይገባልና ከእሱ ልጀምር። የእህትዎን ልጅ ይከልክሉት። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 መሠረት ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ወይም ዳታ መግባት ራሱን የቻለ ወንጀል ሲሆን፣ እስከ ሦስት ዓመት የሚደርስ ቀላል እስራት ሊያስከትል ይችላል። ቅጣቱን እንኳ ወደ ጎን ብንተወው፣ ልጁ ተሳክቶለት ቢገባ የሚጎዳው የእርስዎን ክስ ነው። ወደ አካውንቱ መግባት የቻለ ሰው በአካውንቱ መጻፍም ይችላልና፣ ነገ ተከሳሿ ወይም ጠበቃዋ «ይህን የጻፈው ራሱ የከሳሿ ዘመድ አለመሆኑን በምን እናውቃለን?» ብለው ሲጠይቁ የሚሰጡት መልስ አይኖርዎትም። እስካሁን ንጹሕ የነበረውን ማስረጃ በገዛ እጅዎ አደፈረሱት ማለት ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመለስ፣ «ማስረጃ ይሆናል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሕግ አዋቂ ቀድሞ የሚያነሣው «ምንን ለማስረዳት?» የሚል ጥያቄ ነው። አንድ ስም የለሽ ጽሑፍ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው ከሦስት ነገሮች አንዱን ለማስረዳት ነው። እንዲህ ያለ ቃል በአደባባይ መጻፉንና ሰው ማንበቡን ለማስረዳት ይቀርባል፤ የጻፈው እገሌ ነው ለማለት ይቀርባል፤ የተጻፈው ነገር እውነት ነው ለማለትም ይቀርባል። በእነዚህ ሦስቱ መካከል ያለው ርቀት ትልቅ ነው። ያው አንድ ስክሪንሹት ለመጀመሪያው ጉዳይ ጠንካራ ማስረጃ ሆኖ ለሁለተኛው ደካማ፣ ለሦስተኛው ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ሊሆን ይችላል። ወደ ቢሮዬ ከሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያዝኑት ይህን ሳይለዩ ስለሚመጡ ነው፤ ስልካቸውን ዘርግተው «ይኸው!» ይላሉ፣ እኔም በእርግጥ ይኸው እላለሁ፣ ነገር ግን «ይኸው» የሚያስረዳው መጻፉን ብቻ ነው።

መጻፉን ማስረዳት ከሦስቱ ቀላሉ ነው፤ የጸሐፊው አለመታወቅም ለዚህ ክፍል እንቅፋት አይሆንም። አንዳንድ ክርክሮች ደግሞ ከዚህ በላይ አይጠይቁም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2021 በመኖሪያ ቤታቸው ደጅ ተገደሉ፤ ከዚያ ቀደም ብሎ ፎቷቸውና በእሳቸው ላይ ያነጣጠሩ ውንጀላዎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸውና ሌሎች አመልካቾች እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሱ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ። በዚያ ክስ የሚፈተነው የኩባንያው ኃላፊነት በመሆኑ ጽሑፎቹን የለጠፈው ግለሰብ ማን እንደሆነ መረጋገጡ ለክሱ መሠረት አይደለም፤ የሚያስፈልገው ጽሑፎቹ መውጣታቸው፣ ኩባንያው እንዲያውቅ መደረጉና ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ ነው። በእርስዎም ጉዳይ ደንበኞችዎ ውል ያቋረጡት ይህን አንብበው መሆኑን ለማስረዳት ከፈለጉ፣ ጽሑፉ ራሱ ከደንበኞቹ ምስክርነት ጋር ተደምሮ በቂ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ስክሪንሹቱ ይበቃል? በኤሌክትሮኒክ መልክ መቀመጡ ብቻውን ውድቅ አያደርገውም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፣ ለወንጀል ጉዳይ ደግሞ የአዋጅ 958 አንቀጽ 33 የዲጂታል ማስረጃን ተቀባይነት ይደነግጋል። ዋናው አንቀጽ ግን ቀጥሎ ያለው 34 ነው፤ ማስረጃውን የሚያቀርበው ሰው ትክክለኛነቱን የማስረዳት ሸክም እንዳለበት ይናገራል። ይህም አግባብ ነው፤ ምክንያቱም በማንኛውም የኮምፒዩተር ማሰሻ የአንድን ገጽ ቃላት በሁለት ደቂቃ ለውጦ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፣ የቴሌግራም ገጽ የሚመስል ምስል የሚሠሩ ነፃ መተግበሪያዎችም ሞልተዋል። ዳኛው ይህን ያውቃል፤ ባያውቅም ተከራካሪዎ ያሳውቀዋል። ስለዚህ የተቆረጠ ስክሪንሹት፣ ማለትም ቀኑ፣ ሰዓቱና የቻናሉ ስም የማይታይበት፣ የሚያሳየው አንድ ሰው ስልክ ላይ አንድ ምስል መኖሩን ብቻ ነው።

በጥብቅና ሥራዬ የማልረሳው አንድ ደንበኛ ነበር። የተሰደበበትን ጽሑፍ በሚያምር ወረቀት አሳትሞ፣ ቃሉ ጎልቶ እንዲታይ ሌላውን ሁሉ ቆርጦ አውጥቶ አመጣልኝ፤ ወንድሙ ደግሞ እዚያው ከጽሑፉ ሥር «በሕግ እንፋረድሃለን» ብሎ ጽፎ ስለነበር፣ እኛ ገጹን ለማየት ስንገባ ጽሑፉም አካውንቱም ጠፍተዋል። የቀረልን ያ የሚያምር ወረቀት ብቻ ነበር። በዛቻው ምንም አላተረፍንም፤ ማስረጃውን ግን አጣንበት።

ስለዚህ ጽሑፉ ዛሬም በቦታው ካለ፣ ከሥሩ ምንም ሳይጽፉና ዘመድ አዝማድም እንዳይጽፍ አደራ ብለው፣ እንዲህ አድርገው ያስቀምጡት። የስልክዎን ማያ በቪዲዮ እየቀዱ ቻናሉን ከፊት ገጹ ጀምረው እስከ ጽሑፉ ድረስ ቀስ ብለው ይውረዱ፤ የቻናሉ ስም፣ የተከታዮቹ ብዛት፣ የጽሑፉ ቀንና ሰዓት፣ ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየው ቁጥርና የሥሩ አስተያየቶች በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ይታዩ። የጽሑፉን ሊንክ ገልብጠው ያስቀምጡ፤ በቴሌግራም ቻናል ላይ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ቁጥር ያለው ሊንክ አለው፣ ያም ቁጥር ጽሑፉን ከሌላው ይለየዋል። በቴሌግራም የኮምፒዩተር ሥሪት የቻናሉን ታሪክ አውጥቶ ማስቀመጥ ከተፈቀደ ያንንም ያድርጉ። ከሁሉ በላይ፣ የእርስዎ ወገን ያልሆነ አንድ ሰው፣ ለምሳሌ ውሉን ያቋረጠው ደንበኛ፣ በራሱ ስልክ ላይ ጽሑፉን ከፍቶ አይቶ፣ ያየበትን ቀን እንዲያስታውስ ያድርጉ። ወረቀቱ ሲጠረጠር «አዎ፣ እኔም በዚያን ቀን በስልኬ አንብቤዋለሁ» የሚል የሰው ምስክር የሚተካው የለም። የመጀመሪያው ምስል ያለበትን ስልክም አይሽጡት፣ አያጽዱት፤ ባለሙያ ሊመረምረው የሚችለው ያንን ነው።

ከዚህ በኋላ አስቸጋሪው ክፍል ይመጣል፤ ጻፈው የሚባለው ሰው ማን ነው? እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት የወሰነችውን አንድ መዝገብ ማስታወስ ይጠቅማል፤ የሌላ አገር ፍርድ እኛን አያስገድድም፣ ነገር ግን ችግሩን እንደዚያ መዝገብ አጥርቶ ያሳየኝ ብዙ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ2005 በፔሪቪል ከተማ በአንድ መጠጥ ቤት ሰው በጥይት ተገደለ። ግሪፊን የተባለ ተከሳሽ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ዐቃቤ ሕግ የተከሳሹ ጓደኛ የሆነችው ሴት አንድን ምስክር ማይስፔስ በተባለ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ላይ አስፈራርታለች ብሎ የገጹን ኅትመት አቀረበ። ገጹ ስሟ አልነበረበትም፤ ነገር ግን ከተከሳሹ ጋር ተቃቅፋ የተነሣችው ፎቶ፣ የልደት ቀኗ፣ የምትኖርበት ከተማና የተከሳሹ ቅጽል ስም ነበሩበት። ገጹን ያተመው ፖሊስ በእነዚህ ምልክቶች የእሷ መሆኑን አወቅሁ አለ፤ ሴትየዋ ራሷ በምስክርነት ቆማ ሳለ ግን ስለ ገጹ አንድም ጥያቄ አልቀረበላትም። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የጥፋተኝነት ፍርዱን ሽሮ ጉዳዩ እንደ ገና እንዲታይ አዘዘ። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ ፎቶዋንና የልደት ቀኗን የሚያውቅ ማንም ሰው ያንን ገጽ ሊከፍት ይችል ነበር።

ያ ፍርድ ቤት ማስረጃውን ጥሎ ብቻ አልቀረም፤ ገጹ የእገሌ መሆኑን ለማስረዳት የሚያስችሉ ሦስት መንገዶችንም ጠቆመ። ጻፈች የተባለችውን ሰው መጠየቅ፤ ኮምፒዩተሯን መርምሮ ገጹ ከእሱ መከፈቱን ማየት፤ ወይም መረጃውን ከገጹ ኩባንያ ከራሱ ማግኘት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ያው ፍርድ ቤት መመዘኛውን በመጠኑ አለዝቦ፣ ሚዛናዊ የሆነ አንድ ዳኛ ወይም የሸንጎ አባል «ይህ የእገሌ ነው» ለማለት የሚያስችለው በቂ ምክንያት ካለ ማስረጃው ይቅረብ አለ። በዚህ መመዘኛ ሦስት ጉዳዮችን በአንድነት አይቶ የሁለቱን ማስረጃ ሲቀበል የአንዱን ጣለ፤ የተጣለው የአካውንቷን የይለፍ ቃል ሌሎች ሰዎችም ያውቁት እንደነበር የተገለጸበት ነው። ለእርስዎ ጉዳይ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ «ትመስለኛለች» የሚለው ጥርጣሬ የምርመራ መነሻ ይሆናል፣ ለፍርድ ግን ከሦስቱ መንገዶች ቢያንስ አንዱ ወይም የሁኔታዎች ድምር ያስፈልጋል።

የሁኔታዎችን ድምር ከናቅን ግን እንሳሳታለን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለአካባቢ ማስረጃ፣ ማለትም ነገሩን በቀጥታ ሳይሆን በዙሪያው ባሉ ሁኔታዎች ለሚያስረዳ ማስረጃ፣ የተነገረ ይመስለኛል። በጽሑፉ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ነገር አለ? ለምሳሌ ፎቶው ደንበኛ በማይገባበት የጓሮ ክፍል የተነሣ ከሆነ፣ ወይም ጽሑፉ እቃ የሚገባበትን ቀንና የወፍጮ ቤቱን ማንነት ከጠቀሰ፣ የጸሐፊዎቹ ክልል ወዲያው ይጠብባል። ሠራተኛዋ ከመልቀቋ በፊት ወይም በኋላ ለሌላ ሰው «አሳያታለሁ» ብላ ነበር? ያንን ሰው ለምስክርነት ይያዙት። ጽሑፉ የወጣበት ሰዓት ከሌላ ክስተት ጋር፣ ለምሳሌ በደመወዝ ክርክር ከተላከ ደብዳቤ ጋር፣ ይገጣጠማል?

አንዳንዶች የአጻጻፍ ልማድንም ያነሣሉ፤ በአማርኛ ይህ የተለየ መልክ አለው። አንዱ «ኃይል» ሲል ሌላው «ሀይል» ይላል፣ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ»፣ አንዱ በላቲን ፊደል እየጻፈ «k» እና «q» የሚያፈራርቅበት የራሱ መንገድ አለው። የሠራተኛዋ የቀድሞ መልእክቶች በእጅዎ ካሉ ማነጻጸሩ አይከፋም፤ ሆኖም አብዛኛው ጸሐፊ ሞክሼ ፊደላትን እንደ ሰሌዳው ምቾት ስለሚቀላቅል፣ በዚህ ብቻ ተመርኩዞ «እሷ ናት» የሚልን ሰው እኔ ዳኛ ብሆን አላምነውም። ለድሩ አንድ ክር ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ከኩባንያው መረጃ ማግኘት የሚባለው ሦስተኛው መንገድ በወረቀት ላይ ቀላል ሆኖ በተግባር ረጅም ነው። ቴሌግራም ለብዙ ዓመታት የተጠቃሚዎቹን ማንነት ባለመስጠት የሚታወቅ ነበር፤ መሥራቹ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ ደንቡን የሚጥሱ ሰዎችን የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (የተጠቀሙበትን የኢንተርኔት መስመር መለያ ቁጥር) ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ጥያቄውን የሚያቀርበው ግን መርማሪ አካል እንጂ እርስዎ ወይም እኔ አይደለንም። መድረኩ ፌስቡክ ወይም ሌላ የአሜሪካ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ አንድ ተጨማሪ በር ነበር፤ በሌላ አገር ፍርድ ቤት ለሚካሄድ ክርክር የሚያስፈልግ ማስረጃ በአሜሪካ እንዲሰጥ የዚያ አገር የፌዴራል ሕግ ርዕስ 28 ክፍል 1782 ለማንኛውም ባለጉዳይ ያስችላል። ሆኖም እዚያ ጠበቃ ማቆምን ይጠይቃል፤ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶችም ስም ሳይገልጹ መናገርን የሚጠብቀውን የሕገ መንግሥት መብት ስለሚያስከብሩ፣ ከሳሹ ክሱ መሠረት ያለው መሆኑን አስቀድሞ እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። ለባልትና ሱቅ ጉዳይ ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ የአይፒ አድራሻ ተገኘ ማለት ሰው ተገኘ ማለት አይደለም። አድራሻው የሚለየው የኢንተርኔት መስመርን ነው፤ በሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ደንበኞች በአንድ ጊዜ አንድ የውጭ አድራሻ ሊጋሩ ይችላሉ፣ የካፌ ዋይፋይም ከሆነ ቡና የጠጣ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ስለዚህ መርማሪው አድራሻውን፣ ትክክለኛውን ሰዓትና የአገልግሎት ሰጪውን መዝገብ አገናኝቶ፣ ከዚያም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስልኩን መርምሮ ነው ወደ አንድ ሰው የሚደርሰው። በአዋጅ 958 አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ግንኙነቱ መቼና ከየት እንደተደረገ የሚያሳየውን መዝገብ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ይገደዳል፤ ዓመቱ ካለፈ ግን መዝገቡ ይኑር አይኑር የዕድል ጉዳይ ይሆናል። መርማሪው አንድ የተወሰነ ዳታ እንዳይጠፋ በአንቀጽ 30 መሠረት ለሦስት ወር እንዲጠበቅ ማዘዝና አንድ ጊዜ ብቻ ለተጨማሪ ሦስት ወር ማራዘም ይችላል፤ ይህን እንዲያደርግ በአቤቱታዎ ላይ በግልጽ ይጠይቁ፣ ሳይጠየቅ የሚያደርገው ሁሉም መርማሪ አይደለም።

አሁን ወደሚያስፈራዎት አስተያየት፣ «እዚያ ሠርቻለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ወደሚለው እንሂድ። ይህ ቃል በርበሬዎ መበረዙን ለማስረዳት ሊቀርብ ይችላል ወይ? እኔ በዚህ ላይ ያለኝ አቋም የጸና ነው፤ ሊቀርብ ቢችል እንኳ ክብደት ሊሰጠው አይገባም። ምስክር ማለት ቆሞ የሚምል፣ ፊቱ የሚታይ፣ «መቼ አየህ? የት ቆመህ? ብርሃን ነበር?» ሲባል መልስ የሚሰጥ ሰው ነው። ስም የለሽ አስተያየት አይምልም፣ አይጠየቅም፣ ሲዋሽም አይቀጣም። ከሰሚ ሰሚ ማስረጃ እንኳ ያንሳል፤ የሰሚ ሰሚ ቢያንስ ከማን እንደሰማ የሚናገር ሰው አለው። በወንጀል ጉዳይ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ማን እንደሆነ የማይታወቅን ሰው መጠየቅ አይቻልም።

«ታዲያ ማንነታቸው የሚሸሸግላቸው ምስክሮች የሉም ወይ?» ሊሉ ይችላሉ። አሉ፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ይህን ይፈቅዳል። ልዩነቱ ግን እነዚያ ከሌላው ሰው ይሸሸጉ እንጂ ከሕግ ያልተሸሸጉ መሆናቸው ነው፤ ማንነታቸውን የሚያውቅ አካል አለ። የአባቶቻችን አውጫጭኝም ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ሲመክር፣ ያየውን በይፋ መናገር የሚፈራ ሰው ምስጢሩን «ወፍ» በሚባሉ ሰዎች በኩል ያስተላልፍ ነበር። ወፍ ያለችው ነገር ግን የሚያገለግለው ሸንጎው ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል ለመጠቆም ነበር። የዛሬውን ስም የለሽ አስተያየትም በዚያው ልክ ማየት ተገቢ ይመስለኛል፤ ተቆጣጣሪ አካል አንብቦት መጥቶ ናሙና ቢወስድ አግባብ ነው፣ ማስረጃ የሚሆነው ግን የናሙናው ውጤት ነው።

እንዲያውም በፍትሐ ብሔር ክርክር እውነትነቱን የማስረዳት ሸክም በእርስዎ ላይ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2044 ሰውን እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት አድርጎ ስሙን ወይም ተስፋውን የሚጎዳ ቃል በንግግርም ሆነ በጽሑፍ ያወጣን ሰው ኃላፊ ያደርገዋል፤ በቁጥር 2047 ደግሞ የተናገረው እውነት መሆኑን በማስረዳት ከኃላፊነት የሚድነው ተከሳሹ ነው። ሆኖም «የእሷ ሸክም ነው» ብለው እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። በጉዳዩ ሰሞን ከተመረተው በርበሬ ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ አስመርምረው ውጤቱን ከያዙ፣ ክሱ ከቃል ጦርነት ወጥቶ ወደ ቁጥር ይገባል፤ የጠፉትን ደንበኞች ለመመለስም ከፍርዱ ቀድሞ የሚጠቅምዎ ይኸው ወረቀት ነው።

የትኛውን መንገድ ይምረጡ? ማንነቱን የማያውቁትን ሰው በፍትሐ ብሔር መክሰስ አይችሉም፤ መጥሪያ የሚደርሰው ስምና አድራሻ ይፈልጋል። የማስረዳት መጠኑ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ ማለትም የእርስዎ ማስረጃ ሚዛን ከደፋ ቢበቃም፣ ጸሐፊዋን የማግኘት አቅም የእርስዎ አይደለም። በሌላ ሰው እጅ ያለ ማስረጃ እንዲቀርብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 145 ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚያ ግን አስቀድሞ የተከፈተ መዝገብ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ ማሰራጨት በአዋጅ 958 አንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ30,000 ብር የማይበልጥ መቀጮ ወይም ሁለቱም ነው። እኔ የስም ማጥፋትን ጉዳይ በእስር መፍታት አልወድም፤ ነገር ግን ማንነትን ማውጣት የሚችለው ምርመራ በዚህ በር ብቻ ስለሚገኝ፣ ተገድጄም ቢሆን ደንበኞቼን ወደዚያ እመራለሁ። የዚያው አዋጅ አንቀጽ 37 ዐቃቤ ሕግ መሠረታዊውን ፍሬ ነገር ካስረዳ በኋላ ፍርድ ቤቱ የማስረዳት ሸክሙን ወደ ተከሳሹ ሊያዞር እንደሚችልም ይናገራል፤ ድንጋጌው ለከሳሽ ወገን ደስ ቢያሰኝም፣ «አካውንቱ የእኔ አይደለም» የሚል ሰው ያልነበረን ነገር እንዲያስረዳ ስለሚያስገድድ ዳኞች በቁጠባ ቢጠቀሙበት እመርጣለሁ።

ካሳን በሚመለከት ከወዲሁ ልብ ይበሉ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2116 ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለውን ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይገድባል። በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኪሎ በርበሬ ከገዙበት ብዙም አይተርፈውም። ስለዚህ ክብደትዎን በቁሳዊ ጉዳት ላይ ያድርጉ፦ የተቋረጡት የሁለቱ ደንበኞች ውሎች፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊትና በኋላ ያለው የሽያጭ መዝገብ፣ ደንበኞቹ ለምን እንዳቋረጡ በጽሑፍ የሰጡት ምክንያት። ለዚህ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በቁጥር 2143 መሠረት የሁለት ዓመት ጊዜ አለዎት።

የወንጀል አቤቱታው ጊዜ ግን አጭር ነው። በወንጀል ሕግ አንቀጽ 213 መሠረት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል የተፈጸመበት ሰው፣ ድርጊቱን ወይም ድርጊት ፈጻሚውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ አቤቱታውን ማቅረብ አለበት። «ፈጻሚውን ገና አላወቅሁም» የሚል ክርክር ቢኖርም በእሱ ላይ አይተማመኑ፤ ጽሑፉን ካዩበት ቀን ይቁጠሩ። አምስቱ ሳምንት አልፏል፣ የቀረዎት ስምንት ሳምንት ያህል ነው። ቪዲዮውን ዛሬ ማታ ይቅዱ፤ አቤቱታውንም «በልዩ ሁኔታ የምጠረጥራት» ብለው ከምክንያቱ ጋር፣ ነገር ግን «የጻፈችው እሷ ናት» ሳይሉ፣ በዚህ ሳምንት ለፖሊስ ያስገቡ፤ ማስረጃ ሳይኖርዎት በአደባባይ ስሟን ከጠሩ በቁጥር 2044 የምትከስስዎ እሷ ትሆናለች።